የልጃገረዶች የጡት እብጠትና ሕመም፦ ባሕር ዳርና ጣና ዳር ያሉ እናቶችና ልጆች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ ጡቷ ላይ እብጠት ስታገኝ ብዙ ጊዜ ለማንም አትናገርም። ታፍራለች። ወይም ካንሰር ነው ብላ ማታ ማታ ብቻዋን ታለቅሳለች። እናት የሰማች እንደሆነ ደግሞ ድንጋጤው ወደ እሷ ይዞራል። ጎረቤት ይጠራል፣ ቅቤ ይቀባል፣ ወጌሻ ይፈለጋል። በዚህ ዕድሜ የሚወጣ እብጠት ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ካንሰር አይደለም። ልጆቻችንን ይበልጥ የሚጎዳቸው መደበቁና በችኮላ የሚደረገው ነገር ነው። ስለዚህ ከሽምብጥ እስከ ዓባይ ማዶ፣ ከዘጌ እስከ ዘንዘልማ የሚጠየቀውን በግልጽ ልመልስ። ልጆች፣ ራሳችሁ አንብቡት። እናቶች፣ አንብባችሁ ለልጆቻችሁ ስጧቸው።

ልጄ ገና 9 ዓመቷ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ከጡቷ ጫፍ ሥር ጠጠር ያለ ነገር ወጥቷል፤ ሲነኩት ያማታል። ምን ይሆን?

ጡቷ ማጎጥጎጥ ጀምሯል። የሴት ልጅ ጡት አብዛኛውን ጊዜ ማደግ የሚጀምረው ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። አጀማመሩም እንዲሁ ነው፤ ከጫፉ ሥር ክብና ጠፍጣፋ፣ ጠንከር ያለ፣ ሲነካ የሚያም እብጠት ይወጣል። እናቶችን የሚያስደነግጠው በአንድ በኩል ብቻ መሆኑ ነው። አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው በጥቂት ወራት ውስጥ ይከተላል። እስከ ስድስት ወር መዘግየቱ የተለመደ ነው። ልብስ ሲነካው ያማታል። በሆዷ ስትተኛም፣ ከልጆች ጋር ስትጋፋም ያማታል። ሕመሙ ያልፋል።

የወር አበባዋ ብዙውን ጊዜ ከዚህ በኋላ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ይመጣል። ስለ ወር አበባ ቁጭ ብላችሁ ለማውራት አሁን ጥሩ ጊዜ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እለምናለሁ። ይህ እብጠት አይቆረጥ፣ በመርፌ አይወጋ፣ አይታሽ፣ አይተኮስ። ነገ ጡት የሚሆነው እሱው ነው። ከተጎዳ ወይም ከወጣ በዚያ በኩል ጡት በደንብ ላያድግ፣ ጨርሶም ላይወጣ ይችላል። ማንም ሰው የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ ላይ «እጢ ነው፣ እናውጣው» ካለ ሌላ ሐኪም ሳያያት እሺ እንዳትሉ።

8 ዓመት ሳይሞላት ጡቷ ማደግ ከጀመረ ሐኪም ይያት። 13 ሞልቷት ምንም ካልጀመረም እንዲሁ።

እኔ 16 ዓመቴ ነው። ያገኘኋት እብጠት ስነካት ሸተት ትላለች፣ አታምም። ካንሰር ትሆን?

በአንቺ ዕድሜ እንዲህ ያለ እብጠት ብዙ ጊዜ ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው ነው። ልጃገረዶች ላይ በብዛት የሚገኘው እጢ እሱ ነው። ከ15 ዓመት በኋላ ይበዛል። ክብ ወይም ሞላላ ነው። ጠርዙ ይለያል፣ ሲጫኑት ጎማ ጎማ ይላል፣ ከጣት ሥር ይንሸራተታል። አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። አንዳንዷ ላይ ሁለትና ሦስት ይሆናል።

የሚመጣው ጡት ለሴት ሆርሞን ከሚሰጠው ምላሽ ነው። አንቺ ያደረግሽው ወይም የበላሽው ነገር አላመጣውም። ተራው ፋይብሮአዴኖማ ወደ ካንሰር አይለወጥም። ብዙው ባለበት ይቆያል፣ አንዳንዱ በጊዜ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ለዚህ ነው ሐኪሙ አይቶሽ «ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ተመልሰሽ ነይ» ብሎ የሚሸኝሽ። ብዙ ቤተሰብ ይሄን ሲሰማ ሐኪሙ የናቃቸው ይመስላቸዋል፤ ሌላ ቦታ ሄደው እንዲቀደድላቸው ይለምናሉ። መጠበቁ ራሱ ሕክምና ነው። ጠባሳ አይቀርም፣ ጡትም አድጎ ሳያልቅ በምላጭ አይነካም።

የሚወጣበት ጊዜም አለ። ከ5 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በፍጥነት ካደገ፣ ጡቱን ቅርጽ ካሳጣው፣ ወይም ልጅቷን እንቅልፍ ከነሳት ሐኪሞች ቀዶ ጥገና ያስባሉ። በፍጥነት የሚያድገውን የሚከታተሉት ፊሎድስ የሚባል ሌላ፣ አልፎ አልፎ የሚገኝ እጢ ስላለ ነው። እጢው በቀዶ ጥገና የወጣላት አብዛኛዋ ልጅ ነገ ወልዳ ማጥባት ትችላለች።

ካንሰርን በተመለከተ ቁጥሩን ልንገርሽ። በአሜሪካ በተመዘገበው መረጃ መሠረት ከ20 ዓመት በታች ካሉ ልጃገረዶች የጡት ካንሰር የሚይዘው በዓመት ከሚሊዮን አንዷን ገደማ ነው። ከሌሎቹ ይልቅ መጠንቀቅ የሚገባት በልጅነቷ ለሌላ ካንሰር ደረቷ ላይ የጨረር ሕክምና የተደረገላት፣ ሌላ ካንሰር ያለባት፣ ወይም በቤተሰቧ ሴቶች በወጣትነታቸው በጡት ወይም በእንቁላል ማምረቻ ካንሰር የታመሙባት ልጅ ናት። እንዲህ ያለ ነገር ካለ ለሐኪሙ ከሁሉ በፊት ንገሪ።

እናቶች፣ ይሄ ግን ለእናንተ አይሠራም። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከካንሰሮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ነው። በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ያሉ ሴቶችንም ይይዛል። የልጃችሁን እብጠት ስታሳዩ የራሳችሁንም ካለ አሳዩ።

የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ሁለቱም ጡቴ ያብጣል፣ ይጎረብጣል፣ ይከብደኛል። ሲመጣ ይለቀኛል።

ይህ በሽታ አይደለም። ከወር አበባ በፊት ባለው አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ሆርሞን ጡትን ያሳብጠዋል፣ ውሃ ያስቋጥረዋል። ወደ ብብት በኩል ባለው የላይኛው ክፍል ይብሳል። የሚጎረብጠው ነገርም በወሩ ውስጥ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ማወቂያው ቀላል ነው። ደብተርሽ ጀርባ ላይ የሚያምሽን ቀንና የወር አበባሽ የመጣበትን ቀን ለሁለት ወር ያህል ጻፊ። ከተገጣጠሙ ምክንያቱን አገኘሽው። እብጠቱ ሁለት የወር አበባ አልፎም እዚያው ካለ ግን አሳይው።

ለሕመሙ ልክሽ የሆነ ጡት ማስያዣ ብዙ ይረዳል። ልዩ እንክብል መፈለግ አያስፈልግም፤ ፓራሲታሞል ይበቃል። አይቡፕሮፌንም ይሠራል፣ ግን በባዶ ሆድ ጨጓራ ይልጣል። የምትጾሚ ከሆነ ከምግብ በኋላ ውሰጂው፣ ካልሆነ ፓራሲታሞሉ ይሻልሻል። መጠኑን ፋርማሲስቱን ጠይቂ። ከ16 ዓመት በታች ለሆነች ልጅ አስፕሪን አይሰጥም። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ፎጣ ማድረግም ያቀልላል።

ቡና ላቁም?

ቡና ጡት ያሳምማል የሚባለውን በደንብ ያረጋገጠ ጥናት የለም። አንዳንድ ሴቶች ሲቀንሱ ቀለለን ይላሉ። ከፈለግሽ ለሁለት ወር ቀንሰሽ እዪው። ዘጌ ላለች ልጅ ቡና ተዪ ማለት ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ካልረዳሽ ተመልሰሽ ጠጪ።

በወሊድ መቆጣጠሪያ ምክንያት ሊያመኝ ይችላል?

ይችላል። ክኒኑ፣ የሦስት ወር መርፌው፣ ክንድ ላይ የሚቀበረው፣ ፖስት ፒልም ጡት ሊያሳምሙ ይችላሉ። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ወራት ይተዋል። ሌላው ደግሞ እርግዝና ነው። የወር አበባሽ ቀርቶ ጡትሽ ካበጠና ካመመሽ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ አድርጊ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በጊዜ ማወቅ ለልጅቷ ስለሚበጃት ነው።

ግራ ጡቴን ይወጋኛል። ልቤ ይሆን?

በዚህ ዕድሜ እንዲህ ያለው ውጋት ብዙ ጊዜ ከጡትም ከልብም አይደለም፤ ከደረት ጡንቻ ወይም የጎድን አጥንት ከደረት አጥንት ጋር ከሚገናኝበት ቦታ ነው። በጣትሽ አጥንቱን ስትጫኚው ያው ሕመም ከመጣ፣ ወይም ክንድሽን ስታነሺ ከባሰ፣ ምንጩ እሱ ነው።

እዚህ አካባቢ ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ሃያ ሊትር ጀሪካን በአንድ ትከሻ፣ የማገዶ እንጨት በጀርባ፣ ሙሉ ቀን እንጀራ መጋገር፣ በአንድ ማንገቻ የሚንጠለጠል የመጻሕፍት ቦርሳ። ሸክሙን ከፋፍሎ መያዝ፣ ትከሻ መቀያየር፣ ጥቂት ቀን ማረፍ ይረዳል። ልጆቹ ማረፍ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ እኛ አዋቂዎች ነን የምናሸክማቸው። «ደረቴን አመመኝ» ያለችን ልጅ፣ የቤት ሠራተኛም ብትሆን፣ ጀሪካኑን እንቀበላት። ከትንፋሽ ማጠር፣ ራስን ከመሳት ወይም ሲሮጡ ብቻ ከሚመጣ ውጋት ጋር ከሆነ ግን ዛሬውኑ ትታይ።

ከብስክሌት ወድቄ መሪው ደረቴን መታኝ። አሁን ጠጥሮ ቀርቷል።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ስለሆነች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ሲመታ ደም ይቋጥራል፣ ይበልዛል፣ ይጠጥራል። አንዳንዴ የጡቱ ስብ ተጎድቶ ጠንካራ እብጠት ይተዋል። ምቱ ካንሰር አያመጣም። በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ መሄድ አለበት። ካልቀነሰ በአልትራሳውንድ ይታይ። እንዲታሽ ግን ወጌሻ ጋ አትሂጂ።

ጉዳቱ በሰው እጅ የደረሰብሽ ከሆነ፣ ተመትተሽም ሆነ በግድ ተነክተሽ፣ ለምታምኚው ትልቅ ሰው ንገሪ። ለሚያይሽ ባለሙያም ንገሪ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ጡቷ ቀልቷል፣ ይሞቃል፣ ያተኩሳታል።

ይህ አያድርም። ኢንፌክሽን ነው፤ መግል ቋጥሮም ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ትሂድ። በጊዜ ከተደረሰበት አንቲባዮቲክ ይበቃል። መግል ካለ በመርፌ ይመጠጣል ወይም ንጹሕ በሆነ ቦታ ይከፈታል። ቤት ውስጥ ማፍረጥ፣ ትኩስ አመድ ማድረግና በምላጭ መብጣት መግሉን ወደ ውስጥ ይነዛዋል፣ ለዕድሜ ልክ የሚቆይ ጠባሳም ይተዋል። ጀምራ ያቋረጠችው መድኃኒት ካለ ትናገር። ለሌላ ሰው ታዞ የተረፈ እንክብልም አይሰጣት።

ወልዳ የምታጠባ ወጣት ከሆነች ማጥባቱን አታቁም። ወተቱ ሲቋጠር ይብሳል።

የጡት ጫፍ ዙሪያ ፀጉር መንቀልም አንዱ መነሻ ነው። እዚያ ዙሪያ ጥቂት ፀጉር መኖሩና ትናንሽ ችፍ ያሉ ነገሮች መታየታቸው የተለመደ ነው። ተዋቸው።

ጓደኞቼ የውሃ እናት ጡት ታሳድጋለች ብለው አስነከሱኝ።

ውሃ ዳር ያደጉ ብዙ ሴቶች ይህን ያውቁታል። ውሃ ላይ የምትሽከረከረውን ጥቁር ጥንዚዛ ይዘው ጡታቸውን ያስነክሳሉ። ነክሳ ታሳብጠዋለች፤ ያ እብጠት ነው ያደገ የሚያስመስለው። ጡት የሚያድገው በሆርሞን ነው፤ ጊዜው በዘርና በአመጋገብ ይወሰናል። ንክሻው ቁስል ነው፣ ቁስሉ ሊመረቅዝ ይችላል። የነከሰሽን ቦታ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቢው። መቅላትና ትኩሳት ከመጣ ከላይ ያልኩትን አድርጊ። ጣና ዳር ላይ ደግሞ ቢልሃርዚያ ስላለ እግርን ነክሮ ጥንዚዛ ማሳደዱ ራሱ ሌላ በሽታ ያተርፋል።

ከጫፉ ፈሳሽ ይወጣል።

ወተት የሚመስል ከሆነ እርግዝና፣ አንዳንድ መድኃኒት (ለማቅለሽለሽ የሚሰጥና ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙ አንዳንዶቹ) ወይም የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። እየጨመቁ ማየት ደግሞ ራሱ ፈሳሹን ያበረታዋል። ደም ከሆነ፣ ወይም ከአንድ ጡት ብቻ ሳይነካ የሚወጣ ከሆነ ሐኪም ይየው። ደምም ሆኖ በዚህ ዕድሜ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም።

አንዱ ከሌላው ይበልጣል።

የብዙ ሴቶች እንዲያ ነው። በማደግ ላይ እያለሽ ልዩነቱ ይጎላል፣ ሲያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ይጠባል። ጡት አድጎ እስኪጨርስ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ልዩነቱ በድንገት ከመጣ ግን ውስጡ እጢ እንዳይኖር ይታይ።

ጡት ማስያዣ፣ ስልክና ብር ጡት ውስጥ መያዝ፣ ዲዮድራንት ካንሰር ያመጣሉ?

ጡት ማስያዣም ዲዮድራንትም ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጠ ነገር የለም። ጥቁር ይሁን ነጭ ለውጥ የለውም። ስልክና ሳንቲም ሊጫን፣ ቆዳ ሊልጥ፣ ሊያሳምም ይችላል፤ ኪስ ይሻላል። ጡት ማስያዣ ስትገዢ ብረት የሌለው፣ ለስላሳ ጥጥ ምረጪ። ከደረት ዙሪያው ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ትከሻሽ ላይ መስመር ከሠራ ጠቦሻል። በዚህ ዕድሜ ልክ ቶሎ ይቀየራልና የዓምናው ዘንድሮ አይሆንም።

በየወሩ ራሴን ልመርምር?

በዚህ ዕድሜ በየወሩ እየፈተሹ መጨነቅ አይመከርም። የልጃገረድ ጡት በተፈጥሮው ጎርበጥ ጎርበጥ ይላል። ስትታጠቢ የራስሽን ጡት ልመጂው፤ አዲስ ነገር ሲመጣ ታውቂዋለሽ።

ሳይዘገይ መታየት ያለበት ይህ ነው፦ ጠንካራና ከቦታው የማይንቀሳቀስ እብጠት፣ በፍጥነት የሚያድግ፣ በላዩ ያለው ቆዳ የተሰረጎደ ወይም የቆሰለ፣ ጫፉ በአዲስ መልክ ወደ ውስጥ የገባ፣ ብብት ውስጥም እብጠት ያለው።

ጸበል እንሂድ ወይስ ሐኪም?

ሁለቱ አይጣሉም። ጸበሉንም ተጠመቂ፣ ጤና ጣቢያም ሂጂ። ጸበል ገብታችኋል ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት እንዳይቋረጥ ብቻ። ብርድ ወይም ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ በሻይ መጠጣት ብቻ ከሆነ ጉዳቱ አይታየኝም፤ በጡት ቆዳ ላይ ቅጠል መለጠፍ፣ ዋግምትና መተኮስ ግን አይሁን።

የት ልሂድ? ምን ያደርጉኛል?

መጀመሪያ የሰፈርሽ ጤና ጣቢያ። ገጠር ከሆንሽ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትመራሻለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ያለው ቤተሰብ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ወረቀት ይዞ ነው መሄድ ያለበት፤ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ለወጪ ይዳርጋል። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ከተማው ውስጥ ፈለገ ሕይወት፣ ወጣ ብሎ ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ግዮን ሆስፒታል አሉ።

ሐኪሙ ይጠይቅሻል፣ ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል። ካስፈለገ አልትራሳውንድ ያዛል። ቀዝቀዝ ያለ ቅባት ተቀብቶ መሣሪያው ከላይ ይሄዳል፤ አያምም፣ ጨረርም የለውም። ማሞግራም በዚህ ዕድሜ አይታዘዝም፤ ጡቱ ጥቅጥቅ ስለሆነ አያሳይም፣ ያለ ጥቅም ለጨረር ያጋልጣል። አጠራጣሪ ነገር ካለ በቀጭን መርፌ ናሙና ይወሰዳል።

ወንድ ሐኪም ካፈርሽ ሴት ባለሙያ እንድታይሽ ጠይቂ። ሴት ባትኖር እናትሽ ወይም አንዲት ነርስ አብራሽ እንድትገባ ማለት ትችያለሽ። መጋረጃው ይዘጋ ማለትም ነውር አይደለም።

ወንድ ልጄም ጡቱ ሥር ጠጥሮበታል።

ብዙ ወንዶች በጉርምስና ጊዜ ይሄ ይወጣባቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ይጠፋል። አይቀለድበት። እየተለቀ ከሄደ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ ከቆየ ይታይ።

እናቴ ገጠር ናት። እኔ እዚህ ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው። ለማን ልንገር?

እንዳንቺ ያለች ልጅ ባሕር ዳር ውስጥ ብዙ ናት። ቅዳሜ ስንቅ ልታመጪ ስትሄጂ ለእናትሽ ንገሪ። በስልክ ከሆነ አባትሽ አጠገብ ሆኖ ሊሆን ይችላልና «እማዬ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ደውዪልኝ» በያት። እስከዚያ መጠበቅ የማይቻል ከሆነ፣ ማለትም ትኩሳት ካለ ወይም እብጠቱ ከቀላ፣ ለአከራይሽ ሴትዮ፣ ለአንዲት ሴት መምህርሽ ወይም ለታላቅ ጓደኛሽ ንገሪና ይዛሽ ትሂድ።

አፍ አውጥቶ መናገር ካቃተሽ በወረቀት ጻፊው፦ «ጡቴ ላይ እብጠት አለ። ይህን ያህል ጊዜ ሆነው። ያመኛል ወይም አያመኝም።» ካርድ ክፍል ተራ ስትይዢ ሳይሆን የምታይሽ ባለሙያ ፊት ስትደርሺ ስጫት። የቤተሰቡን የመድኅን ደብተር፣ የመጨረሻ የወር አበባሽ የመጣበትን ቀንና የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ማሸጊያውን ይዘሽ ሂጂ።